የ12ኛ ክፍል ምረቃ ፎቶ፦ ስቱዲዮ ይሻላል ወይስ ጣና ዳር? (ባሕር ዳር ያላችሁ ምከሩኝ)

የሽምብጧ፦

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ትጨርሳለች። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከአዴት መጥታ እኔው ጋ ነው የምትኖረው፤ እዚህ ከተማ ላይ እናቷም አባቷም እኔ ነኝ፤ ወጪውም የእኔው ነው። በቅርብ ልጅ ያስመረቃችሁ ወይም ራሳችሁ የተመረቃችሁ እስኪ አንድ በሉኝ።

የምረቃ ኮሚቴው ለመጽሔት የሚሆን ጋውን ለብሳ የተነሣችው አንድ ጉርድ ፎቶ በሶፍት ኮፒ ታምጣ ብሏል። እሺ። ጓደኞቿ ደግሞ አምስት ሆነው ፎቶ አንሺ ይዘው ጣና ዳር ሊነሡ ተመካክረዋል። አንድ ዓይነት ልብስ ይሰፋል፣ ሜካፕ አለ፣ ጀልባም አለበት አሉ። እኔ በጊዜዬ ለማትሪክ ፎርም ከተነሣሁት 3 በ4 በቀር የተማሪነት ፎቶ የለኝም፤ እሱም ላይ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ስለዚህ "ምን ያደርግልሻል" ብዬ ልከለክላት አንጀቴ አይችልም። ሁለቱንም አሳምሬ ላስነሣት ደግሞ ኪሴ አይፈቅድም።

አባቷ አዴት ቁጭ ብሎ በደወለ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ግድግዳ ላይ የምሰቅለው ፎቶ መቼ ነው የሚመጣው?" ቆቡን እንድታደርግ ይፈልጋል። ስለ ጣናው አልነገርኩትም።

ሌላው የፊቷ ጉዳይ ነው። ግንባሯ ላይ ብጉር ወጥቶባታል። ባለፈው አንዷ ጓደኛዋ ስም የሌለው ክሬም በብልቃጥ ይዛላት መጣች፤ ከእጇ ነጥቄ ሽንት ቤት ደፋሁት። አኩርፋኛለች። ከዚህም በላይ የሚያበሽቀኝ የኤዲቱ ነገር ነው። ለልደቷ የተነሣችበት ፎቶ ቤት ፊቷን አንጥቶ አንጥቶ የማላውቃትን ልጅ ሰጠኝ። ፊቷ ቀይ፣ አንገቷ ጠይም። "አስተካክሉልኝ" ብል "ሁሉም ሰው የሚወደው እንዲህ ነው" ተባልኩ። ልጅቷ ጠይም ናት፤ እናቷም ጠይም ናት፤ ምን አጠፋን?

ፀጉሯንም እኔ ሹሩባ እላለሁ፣ እሷ በካስክ ካልሆነ ትላለች። ሰዓቱስ? ሰኔ ስለሆነ ዝናቡንም ፈርቻለሁ።

ሰላም ፔዳ፦

እትዬ፣ ክሬሙን መድፋትዎ ጽድቅ ነው፤ ኩርፊያው ያልፋል። እኔ ዓምና ነው የተመረቅኩት፣ አሁን እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ነኝ። የክፍላችን አንዷ ልጅ ልንነሣ ጥቂት ቀን ሲቀረን አዲስ ክሬም ተቀብታ ጉንጯ ተላጦ ነው የመጣችው። አዲስ ነገር በዚያ ሳምንት ፊቷን እንዳያስነኳት። ብጉሩን ራሱን ፎቶ አንሺው ሊያጠፋላት ይችላል፤ እሱ ቀላል ነው፤ ቆዳዋን እንዳይቀይረው ብቻ።

እኛ ስንነሣ የተማርኩትን ልንገርዎት። ልብስ አሰፍተን ነበር፤ ያንን ልብስ ከዚያ ወዲህ አንዳችንም አልለበስነውም። አንድ ዓይነት መሆን የግድ አይደለም፤ ሁሉም ያላትን የሀበሻ ቀሚስ ብትለብስ ይበቃል፤ ጥለቱ ቢለያይ እንዲያውም ያምራል። ሐይቁ ዳር ያሉ መዝናኛዎች አንዳንዶቹ ካሜራ ሲያዩ ያስከፍላሉ፤ ሳይለብሱና ሳይኳኳሉ በፊት አንድ ሰው ሄዶ ይጠይቅ። ጫማዋን በፌስታል ትያዝ፣ መንገዱን በነጠላ ጫማ ትሂድ፤ የሰኔን ጭቃ እርስዎ ያውቁታል።

ደግሞ ከፈተናው በፊት ይጨርሱት። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መፈተን ከሆነ ወዲህ፣ ከፈተና በኋላ እንነሣለን ያሉ ሁሉ ከግቢ እንደወጡ በየአገራቸው ይበተናሉ። የእኛዎቹ ጭልጋና ደብረ ታቦር ከገቡ በኋላ ማን ይሰበስባቸዋል!

ጠይም ሌንስ፦

እህቴ፣ ሥራዬ ይኸው ነው፤ ባሕር ዳር ፎቶ ሳነሣ ነው የምውለው። ሰኔ ሲገባ ከቆብና ከጋውን በቀር የማየው የለም። ትንሽ ይረዝምብሻል፣ ታገሺኝ።

የመጽሔቱን ፎቶ ከጣናው ጋር አታደባልቂው። መጽሔቱ ላይ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው ቦታ የክብሪት ቀፎ ቢያክል ነው፤ እዚያ ላይ ጣናም ዘንባባም አይታይም፤ የሚታየው ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ እሱን ለብቻው፣ ንጹሕ ግድግዳ ፊት፣ ስቱዲዮም ባይሆን በር ላይ ቆማ ትነሣው። ኮሚቴውን ቀድማ ትጠይቅ፦ ጀርባው ምን ቀለም ይሁን? ቆብ ይደረጋል ወይስ አይደረግም? ይህን ሳይጠይቁ ተነሥተው ስንት ልጆች ተመልሰው ይመጡብኛል። ሲልኩ ደግሞ በቴሌግራም "ፋይል" ብለው ይላኩት። እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ራሱ ይጨምቀዋል፤ ኮሚቴው ጋ ሲደርስ ሳስቶ፣ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ደግሞ ደብዝዞ ነው። ከዚያ "ፎቶ አንሺው አበላሸው" ይባላል።

አሁን ወደ ጣና። ሁሉም ሰው የሚጨነቀው ስለ ቦታው ነው፤ እኔ የምለው ስለ ሰዓቱ ተጨነቁ ነው። ልጆቹ ቁርስ በልተው፣ ሜካፕ ተሠርተው፣ ተጠባብቀው ሐይቁ ዳር ሲደርሱ አምስት ሰዓት ይሆናል። ያን ጊዜ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ቆቡ ግንባር ላይ ጥላ ይጥላል፣ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ጥቁሩ ጋውን ሙቀቱን ሰብስቦ ያልባቸዋል፣ ሜካፑ ይፈስሳል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለውን ያዙ። ሐይቁ ያን ጊዜ ረግቶ ነው የሚገኘው፤ ነፋሱና ማዕበሉ ከሰዓት በኋላ ነው። የሰኔ ዝናብም አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ይመጣል። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለውም ብርሃን ያምራል፤ በተለይ በሰኔ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ስለምትጠልቅ፣ ከከተማው ዳር ሆነሽ ስታዪ በዘጌ አቅጣጫ ውሃው ላይ ነው የምትወርደው። ግን ዝናቡ ያስፈራል፣ ትንኙም አለ፣ ልጆቹ ሳይመሽ ባጃጅ ማግኘት አለባቸው። እኔ ብሆን ጠዋቱን እመርጣለሁ። ደመና ከሆነ ደግሞ እንዳትቀሩ፤ ደመና ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፣ ፊት ላይ ጥላ አይኖርም። የሚያስቀር ዝናብ ብቻ ነው።

ስለ ፊቷ መንጣት የጻፍሽው ልክ ነው፤ እኔንም የሚያበሽቀኝ እሱ ነው። ግን ነገሩ ኤዲት ላይ አይደለም የሚጀምረው፣ ሲነሣ ነው። ጣና ከከተማችን በስተ ሰሜን ነው። ሐይቁን ከጀርባዋ አድርጋ ስትቆም ፊቷ ወደ ደቡብ ይዞራል፤ ጠዋት ከሆነ ፀሐይዋ በግራ ትከሻዋ በኩል ትንሽ ከኋላ ትመጣለች፣ ማታ ከሆነ በቀኝ። ፊቷ ጥላ ውስጥ ነው ማለት ነው። ከኋላዋ የሚያንጸባርቅ ውሃና ነጭ ሰማይ አለ፤ ላይዋ ላይ ነጭ ቀሚስ አለ። ካሜራ ነጭ ሲበዛበት ብርሃኑን ይቀንሳል። ውሃው ያምራል፣ የቀሚሱ ጥበብ ቁልጭ ይላል፣ የልጅቷ ፊት ግን ይጠቁራል። ከዚያ ፎቶ አንሺው ቤቱ ገብቶ ፊቱን ብቻ መርጦ ያነጣዋል። አንገቷን ይረሳዋል፤ አንቺ ያየሽው ያንን ነው።

መፍትሔው ብዙም ገንዘብ አይጠይቅም። ካሜራው ብርሃኑን ከፊቷ ላይ ይለካ፤ በስልክ ከሆነም ከመነሣቷ በፊት ስክሪኑ ላይ ፊቷን መጫን ነው። ደግሞ አንድ ነጭ ነጠላ ይዘው ይሂዱ፤ አዲስ ባይሆንም ንጹሕ ይሁን። አንዷ ጓደኛዋ በፎቶው ውስጥ ሳትገባ ፊት ለፊቷ ዝቅ ብላ ነጠላውን በሁለት እጇ ወጥራ ወደ ፀሐይዋ ታዙረው። ብርሃኑ ከነጠላው ተመልሶ አገጯ ሥርና ዓይኗ ውስጥ ሲገባ ታዪዋለሽ፤ ጠይምነቷ ራሱ ይበራል። ገበያ የሚሸጠው ሪፍሌክተር ሥራው ይኸው ነው። ፎቶ አንሺውን ከመቅጠራችሁ በፊት ደግሞ የሠራውን አሳየን በሉት፤ ጠይምና ጥቁር ሰው ያነሣበትን። የእጁና የፊቱ ቀለም አንድ መሆኑን እዩ። አንድ ካልሆነ ዋጋው ረከሰ ብላችሁ አትያዙት።

ጋውኑ ብዙ ጊዜ ከፌስታል ነው የሚወጣው፤ እንደታጠፈ ይመጣል። ቀድማ ተቀብላ ስስ ጨርቅ ከላዩ አድርጋ ብዙ ባልጋለ ካውያ ትተኩሰው፤ ካውያው ከጋለ ይቀልጣል፣ ናይለን ነው። አንገቱ ክፍት ስለሆነ ከሥሩ የምትለብሰው ይታያል፤ የሀበሻ ቀሚስ ከሆነ የአንገቱ ጥልፍ ብቅ ሲል ደስ ይላል። የፀጉርና የመርፌ ቁልፍ ብዙ ትያዝ። ቆቡ ጠፍጣፋ ሆኖ ግንባር ላይ ይቀመጥ፤ ወደ ኋላ ከተገፋ የተራቀቀች ይመስላታል እንጂ ፎቶ ላይ የወደቀ ነው የሚመስለው።

ገንዘብ ካጠረሽ ጀልባውን ሰርዢው። ጀልባ ላይ ጥሩ ፎቶ አይወጣም፤ ሁሉም ይወዛወዛል፣ በጋውኑ ላይ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ይለበሳል፣ መልበሱ ደግሞ ግድ ነው። ዳር ቆማ ከኋላዋ ታንኳ ቢታይ ይሻላል። ባለ ታንኳው ሥራ ላይ ነውና ተጠይቆ፣ እጁ ላይ የሆነ ነገር ተደርጎ።

ብርቅ ፀጉር ቤት፦

የፀጉሩን ለእኔ ተዉት 😄 እመቤቴ፣ በዚህስ እርስዎ ነዎት ልክ። በካስክ የተሠራ ፀጉር ሰኔ ላይ ሐይቅ ዳር ሲደርስ ካፊያ ትንሽ ከነካው አለቀ፤ ይቆማል። ደግሞ ቆብ ሊደረግበት! ሹሩባ ይሻላታል፤ ግን ቆቡ እንዲቀመጥ አናቷ ላይ እንዳይቆለል፣ ወደ ኋላ ወርዶ ማጅራቷ ላይ ይታሰር። በነጋታው ልትነሣ ዛሬ አትሠራ። ሹሩባ ገና ሲሠራ ግንባር ይወጥራል፣ የፀጉሩ ሥር ነጥብ ነጥብ ሆኖ ያብጣል፣ ዓይኗም የተገረመች ይመስላል። ሁለት ሦስት ቀን ቢቀድም ይረጋል። ቅንድብም እንደዚሁ ቀድሞ ነው፤ በዕለቱ የተነቀለ ቅንድብ ቀልቶ ይታያል።

ቅቤ እንዳትቀባ በዚያ ሳምንት። እወዳለሁ እኔም፤ ግን ቆቡ ከውስጥ ይበላሻል፤ ጋውኑ ደግሞ ተመላሽ ነው፣ ቅቤ የነካ ኮሌታ መልሱ ሲባል ጭቅጭቅ ነው። ሜካፕ ከሆነ የሚሠራላት ሰው ዱቄቱን እጇ ላይ ሳይሆን አገጯና አንገቷ መጋጠሚያ ላይ ይሞክረው፤ የጠፋ የመሰለው እሱ ነው ልኳ። ለእጇ እንሶስላ ቢሞቅላት ደግሞ ሥዕል ነው፤ መጽሔት ስትይዝ ወይም ቆቡን ስታነሣ ይታያል። የጥፍር ቀለም ከዚያ በኋላ ምን ያደርግላታል።

መንገደኛ 11፦

ለምን እዚያው ዳር ዳሩን ትሻላችሁ? አዲሱ የዓባይ ድልድይ አለ፣ ጢስ ዓባይ አለ፣ ክብራን ገብርኤል አለ። አንድ ጊዜ ነው የሚመረቁት፣ አይሸማቀቁ!

ጠይም ሌንስ፦

መንገደኛ ወንድሜ፣ ሦስቱንም በየተራ። ክብራን ገብርኤል የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አትገባም፤ አምስት ልጃገረድ ጭነህ ሄደህ ጀልባው ላይ ልታስቀምጣቸው ነው? ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶችም ይገባሉ፤ ግን ገዳም የምትሄደው ልትሳለም ነው፤ ሜካፕ ተቀብቶ ቆብ እየወረወሩ መነሣት ነውር ነው፤ አባቶችን ካልጠየቅክ በቀር ካሜራም አታወጣም። ጢስ ዓባይ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ውሃው ለመብራት ስለሚጠለፍ ፏፏቴው የሚሞላው ክረምቱ ገፍቶ ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። ሰኔ ላይ ጋውን ለብሶ ያንን ዳገት መውጣት ለምኑ!

ድልድዩ ግን ጥሩ ሐሳብ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ልጆች እዚያ ይነሣሉ፤ 380 ሜትር ርዝመት አለው፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ዓባይ ከሥር ይታያል። ሁለት ነገር ብቻ፦ ጥበቃዎቹን አስቀድሞ ማነጋገር፤ ቆቡን በቁልፍ ማሰር። እዚያ ላይ ነፋስ አለ፤ አንዴ ዓባይ ከገባ ሱዳን ነው የሚገኘው። ድሮን አለኝ የሚላችሁ ካለም ፈቃዱን አሳየን በሉት፤ ያለ ፈቃድ ማስነሣት ጣጣው ለእናንተም ይተርፋል።

ሰላም ፔዳ፦

😂 ሱዳን። "የመጨረሻ ቃል" የሚለውን ረሳን እኮ እትዬ! መጽሔቱ ላይ ከፎቶው ሥር ይጻፋል። የእኛ ክፍል ግማሹ ከቲክቶክ የገለበጠው ነው፤ ሦስት ልጆች አንድ ዓይነት ጽፈው ጎን ለጎን ወጡ። የራሷን ትጻፍ፣ አጭር ይሁን። አዴት ያሉ ቤተሰቦቿን ታመስግን፣ እርስዎንም 😉

የሽምብጧ፦

እግዜር ይስጣችሁ። ማታ ቁጭ ብለን አብረን አነበብነው። እሷም የነጠላዋ ነገር ገብቷት በስልክ ግቢያችን ውስጥ ሞከርነው፤ የጎረቤት ልጅ ነጠላውን ይዞ እኔ አነሣኋት። እውነትም ዓይኗ ውስጥ ነጭ ነገር ገብቶ ልጅቷ ነቃ ነቃ ብላለች። ኩርፊያውም በዚያው ቀረ፣ ሹሩባውንም እሺ ብላለች።

ልብስ ማሰፋቱ ቀርቷል፤ ለጓደኞቿ እኔ ደውዬ ነገርኳቸው፣ እናቶቻቸው መረቁኝ። ጀልባውም ቀርቷል። ጠይም ሌንስ ወንድሜ፣ አሁን የቀረኝ የአባቷ ፎቶ ነው። ከጣናው ውስጥ አንዱን መርጬ ላሳትምለት ወይስ ለብቻው ትነሣ? የሚሰቀልበት ግድግዳ ጭቃ ነው፣ ከጎኑ የቅድስት ማርያም ሥዕል አለ። ምን ያህል ይሁን? ላሚኔሽን ነው የሚሻለው ፍሬም? ቀብድስ ስንት ይሰጣል?

ጠይም ሌንስ፦

የአባቷን ለብቻው አድርጊው፤ ከመጽሔቱ ፎቶ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ጋውን ይሆናል፣ ሌላ ወጪ የለውም። ለመጽሔቱ ጉርዱን ትነሣለች፤ ከዚያ እዚያው ፎቶ አንሺው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይሂድና እስከ ጉልበቷ፣ እጆቿ እየታዩ፣ በቀጥታ ወደ ካሜራው እያየች አንድ ያንሣት። ከጎን መዞር፣ ሰማይ ማየት፣ ቆብ መወርወር ለጓደኞቿ ነው። አባት ግድግዳው ላይ እያየችው እንድትሆን ነው የሚፈልገው። ፈገግታዋን ግን አታስገድዷት፤ ጥርሷን ሳታሳይ የምታምር ልጅ ካለች እንደዚያው ትሁን።

መጠኑ 30 በ40 ሳንቲሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ሥዕሏን ይጋፋል፣ አባቷም ላይወድ ይችላል። ለዚያ መጠን የፎቶው አጭር ጎን 3500 ፒክስል ገደማ ቢሆን ጥርት ብሎ ይታተማል። ስለዚህ ዋናውን ፋይል በፍላሽ ተቀበይ፤ ከቴሌግራም የወረደውን እንዳታሳትሚ። ላሚኔሽን ተይው፤ ጭቃ ግድግዳ ላይ እርጥበት ሲያገኘው ጠርዙ ይላቀቃል፣ ጢስም ካለ ይቢጫል። ባለ መስታወት ፍሬም አሠሪ፤ ከኋላው ካርቶን ይደረግ፣ ፎቶው መስታወቱን እንዳይነካ ዙሪያውን ነጭ ወረቀት ይግባ፤ ከነካው ከርሞ ይጣበቃል። ምድጃው በሌለበት በኩል ይሰቀል፤ ከበር የሚገባ ፀሐይም እንዳያገኘው።

ቀብድ ግማሽ ነው የተለመደው። ቀሪውን ፎቶውን አይተሽ ትከፍያለሽ። "ቀለሟ አይነካ፤ ብጉር ብቻ ይጥፋ" የሚለውን ደረሰኙ ላይ አስጽፊ፤ ደረሰኝ ከሌለው በቴሌግራም ጽፈሽ "እሺ" ይበልሽ። ስንት ፎቶ ኤዲት ተደርጎ እንደሚሰጥና በስንት ቀን እንደሚደርስም እዚያው ይግባ፤ ሰኔ ላይ "ነገ" የተባለ ፎቶ ሐምሌ ነው የሚመጣው።

ብርቅ ፀጉር ቤት፦

ፍሬሙን ወደ አዴት ስትልኪ በሁለት ካርቶን መሐል አድርገሽ በብርድ ልብስ ጠቅልይው፤ ሚኒባስ ላይ ከላይ አታስጭኚ፣ የሚሄድ ሰው ታቅፎት ይሂድ። ሹሩባውን ሐሙስ ከመጣች ባዶ ነኝ፤ ከአራት ሰዓት በፊት ትድረስ።